የአስተርጓሚው ሆድ

«ሁለትና ሦስት ደምሪ» አለኝ መማሪያው፤ ደመርኩ።
አምስት ወጣ። በማግሥቱም አምስት። ጠረጠርኩ።
ከጣቴ እስከ አምስቱ ድረስ መሀል ላይ ማነው የቆመው?
ቃሌን ከእኔ ተቀብሎ ለብረቱ የሚያሰማው?

ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ፣ ከሰሚር ፎቶ ኮፒ ቤት
የቋንቋውን አስተርጓሚ አሳተምኩት ከነአንጀት፤
ሰባ ሦስት ገጽ። «ፈተና ነው?» ሲለኝ ሰሚር፣
«ሆድ ዕቃ ነው» አልኩት።
አልሳቀም። ቆጥሮ ተቀበለኝ ብር።

ሰኔ ነው፤ የድሬ ሰኔ። ቆርቆሮው ሲንጣጣ ይውላል፤
ማራገቢያው እንደ መብራቱ ጠባይ ይዞራል፣ ይቆማል።
ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ባለበት፣ ከበሩ ሥር ካለው መሬት
በሆዴ ተኝቼ ሆዱን ገጽ በገጽ አነበብኩት።

መጀመሪያ ቃሌን በጣጥሶ ይለቅማል፤
ቀፊራ እንዳለች ማሽላ ለቃሚ
ፍሬ ከጠጠር ይለያል።
ቀጥሎ ዛፍ ይሠራል፣ ሥሩ ላይ፣ ቅርንጫፉ ታች።
ከዚያ ቁልሉ። እዚህ ጋ ሦስት ቀን ቆምኩ፤
አንዲት መስመር አልገፋም አለች፣
ምድር ባቡር ግቢ እስካይ ድረስ የዛገ ፉርጎ ተደርድሮ፣
ጫፉ በተዘጋ ሐዲድ አንዱ ካንዱ ጋር ታስሮ፤
ኋላ የገባው ካልወጣ ፊት የገባው አይወጣም።
ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ገጽ አርባ ላይ፣ ከትእዛዙ ጎን፣ የሰው ድምፅ አገኘሁ፦
«ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። አትንኩት፣ ለመንኳችሁ።»
ማን ይሁን? የት አገር? ስሙንም አልተወው፤
ግን የደከመ ሰው ነው፤ ሌሊት ነው የጻፈው።

አባቴ ከዐስር ሶላት ሲመለስ ወረቀቱን ረገጠ።
«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»
«አስተርጓሚ ነው» አልኩት። ሳቁ አመለጠ፦
«ደመወዙ ስንት ነው?»

ሙሜ ቱርጁማን ነው ገንደ ቆሬ የሚለው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ቆሟል፣
ከከሳሽም ከተከሳሽም ያልሆነው፤
ሶማሊኛ በቀኝ ጆሮው፣ ኦሮምኛ በግራ ይገባና
አማርኛ ሆኖ ይወጣል፤
ዳኛው ግን እሱን አያየውም፣
መስኮትን ማን ያያል?

መነጽሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ገጹን ዘቅዝቆ ይዞ ገለጠ።
«ያልገባው ቃል ሲመጣ ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀ።
«መስመሩን ቆጥሮ፣ እዚህ ጋ አልገባኝም ብሎ ይቆማል።»
ዝም አለ። ማራገቢያውም ዝም አለ፤ መብራት ሄዷል።

«እኔ አልቆምኩም።

ሆዳን ትባላለች። ከደወሌ ጨርቅ ይዛ የመጣች።
ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሙቀት ነው፣ ርቦኛል፤
አማኖ ነው አለች።
አደራ ነው ማለቷ። የሰው ነው።
እኔ ‹ዕቃዬ ነው ትላለች› አልኩ።
ዳኛው ጻፈ።
ስምንት ወር።
ስትወጣ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ፤
ያለችውን ያልኩላት መስሏት።»

ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ፣ ጫፉን አስተካክሎ።
«የኔን ሆድ ማንም አሳትሞ አላነበበው» ብሎ
ወጣ፤ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ስለ ውሃ መጥፋት ሲያወራ ሰማሁት።

ማታ መብራት መጣ። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ደረስኩ።
ከያንዳንዱ ነገር ጎን ቁጥር አለ፣
ስንት ስም ይዞታል የሚል፤
አንዱ ስም በለቀቀው ቁጥር አንድ እያለ ይጎድላል፤
ዜሮ ሲገባ ቦታው ይጠረጋል፣
ሌላ ይገባበታል፣ እንዳልነበረ ይሆናል።
ሁለቴ አነበብኩት። እርሳስ አንሥቼ ከዳር ጻፍኩ፦

ሆዳን ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ላይ ቆማ ኖረች፤
ዛሬ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው መብረድ ሲጀምር፣
ሁለት ሆነች።